የመጽሐፉ ውግዘትና የሰርቨሩ አድራሻ፦ ዳታ የት ይቀነባበር ለሚለው ጥያቄ የጎንደር ታሪክ ምን ይላል?



የዛሬው ርእሴ ከአንድ የታሪክ መምህር የሚጠበቅ ላይመስል ይችላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን የሚሰበሰብ ዳታ የት ይቀመጥ፣ የት ይቀነባበር የሚለው ጥያቄ የሕግና የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። እኔ ግን ጥያቄው ለጎንደር አዲስ አይደለም እላለሁ። ይህች ከተማ ጽሑፏ፣ ሥዕሏና ዜማዋ ወደ ሌላ አገር ተወስዶ ሲተነተን ቢያንስ ከ250 ዓመታት ወዲህ አይታለች። ከዚያ ልምድ የሚወሰድ ነገር መኖሩን ነው ዛሬ ማሳየት የምፈልገው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልሁ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ሕጉን ላስታውስ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በአገራችን የሚሰበሰብ የግል ዳታ በኢትዮጵያ ውስጥ በሚገኝ ሰርቨር ወይም የዳታ ማዕከል እንዲከማች ያዝዛል። ወደ ውጭ የሚተላለፈውንም በተቀባዩ አገር በቂ ጥበቃ መኖርን፣ የዳታውን ባለቤት ፈቃድና ሌሎች የተዘረዘሩ ሁኔታዎችን መሠረት አድርጎ ይገድባል። የቁጥጥሩን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ ስለ ፈቃድም፣ ስለ ዓላማም ይደነግጋል፤ ይህን መካድ አይገባም። በስብሰባዎቻችን የሚነሣው ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሰርቨሩ የት ነው?» አዲስ አበባ ከሆነ ጉዳዩ እንዳለቀ ይቆጠራል፤ ባሕር ማዶ ከሆነ እንደ ተሰረቅን። የጎንደር ታሪክ ይህን ያህል ቀላል ፍርድ አይሰጥም።

የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሁሉ ከመጽሐፉ መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ቅጠል ላይ የሚገኘውን ማስታወሻ ያውቀዋል። መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ይናገርና የሰረቀውን፣ የፋቀውን፣ ከደብሩ ያወጣውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። የተለመደ ነውና ዓይናችን ዘሎት ያልፋል። እንደ ሕግ ጽሑፍ ስናነበው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ውግዘቱ የተጻፈው በዕቃ ቤቱ በር ላይ አይደለም፤ በመጽሐፉ ላይ ነው። በር ይሰበራል፣ ደብር ይቃጠላል፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ ይሞታል፤ ግዴታው ግን መጽሐፉ በሄደበት ይሄዳል። ጸሐፊዎቻችን የአጥርን ደካማነት ያወቁ ይመስለኛል። ዛሬ በለንደን መደርደሪያ ላይ ያለ የጎንደር መጽሐፍም ባለቤቱን በገዛ ቅጠሉ ይመሰክራል።

በእነዚያው መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ሌላም ነገር አለ። የጎንደር አድባራት የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭን፣ ኑዛዜን፣ ዋስንና ምስክርን በመጻሕፍታቸው ባዶ ቅጠሎች ላይ ይመዘግቡ ነበር። ስለዚህ አንድ ወንጌል ከደብር ሲወጣ የሚወጣው ቃለ እግዚአብሔር ብቻ አልነበረም። የሻጭና የገዢ ስም፣ የቤተ ሰብ ክርክር፣ የርስት ማስረጃ አብሮ ይወጣል። በዛሬው ቋንቋ «የግል ዳታ» የምንለው ማለት ነው።

አሁን ወደ መቅደላ ልሂድ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ የምፈልገው ግን ብዙ ጊዜ የምንዘለውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ነው። የጎንደር መጻሕፍት ወደ ለንደን የሄዱት ከጎንደር ተነሥተው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማዋ አድባራት ሰበሰቧቸው፤ በ1866 ጎንደር በተቃጠለች ጊዜም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ ንብረት ተወሰደ። መጻሕፍቱ ወደ መቅደላ ተጓዙ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ተመደቡ። አሳቡ ታላቅ ነበር፤ በአንድ ምሽግ ላይ የአገሪቱን ዕውቀት የያዘ ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም። ከአገር አልወጣም፣ ለባዕድ አልተሰጠም። የዛሬው ሰው ቢኖር «ዳታው በአገር ውስጥ ተከማችቷል» ብሎ ይፈርም ነበር።

ነገር ግን የአድባራቱን አለቆች ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ደግሞም በብዙ ደብር ተበትኖ የኖረው ሀብት በአንድ ተራራ ላይ ተከማቸ። በሚያዝያ 13 ቀን 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ሁሉም በአንድ ቀን እጁ ገባ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ለዚሁ ጉዳይ መጥቶ ነበር። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በሚያዝያ 20 እና 21 በጨረታ ተሸጠ። ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ፤ ዊልያም ራይት በ1877 ባሳተመው ካታሎግ ተዘረዘሩ። ለዐፄ ቴዎድሮስ ያለኝ አክብሮት ይህን ከማለት አያግደኝም፤ ዘረፋው የእንግሊዞች ነው፣ ዘረፋውን ቀላል ያደረገው ግን ያለ ፈቃድ የተደረገው ማከማቸት ነው። ሁሉን ዳታ በአንድ የመንግሥት ማዕከል አስገብተን እፎይ ለማለት የምንቸኩል ሁሉ መቅደላን ማሰብ አለብን።

የመቅደላ ታሪክ በ1872 የቀጠለበት መንገድ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ቅርብ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ጽፈው ሁለት ነገሮች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ፦ ክብረ ነገሥትንና «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለውን ሥዕል። ሥዕሉ የጎንደር ነገሥታት መሐላ የሚያስምሉበት፣ ወደ ጦርነት ይዘውት የሚወጡ ነበር። መልሱ ምን ነበር? ሙዚየሙ የክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ስለ ነበረው አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን ሊገኝ እንዳልቻለ ተጻፈላቸው። ሊገኝ ያልቻለው በሙዚየሙ ስላልነበረ ነው፤ ሆምስ ለራሱ ይዞት ነበር። በዚያን ጊዜ ሆምስ ማን ነበር? የንግሥቲቱ የራሷ የዊንዘር ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ። ሥዕሉ በእጁ መኖሩ በይፋ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። የክብረ ነገሥት መመለስ የተቻለው መጽሐፉ መጽሐፍ ሆኖ ስለ ቆየ ነው። ቁጥር ነበረው፣ መደርደሪያ ነበረው፣ በካታሎግ ሊታይ ይችል ነበር። ኵርዓተ ርእሱ ያልተመለሰው ማን እንደ ያዘው ስላልታወቀ ነው። አንድን የቋንቋ ሞዴል ለማሠልጠን የገባ ጽሑፍ የትኛውን ይመስላል? ጽሑፉ ተቆራርጦ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሮቹ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የሞዴሉን ውስጣዊ መለኪያዎች ያስተካክላሉ፤ ከዚያ በኋላ «የኛን መልሱልን» ቢባል ተነቅሎ የሚወጣ ቅጠል የለም። አንዳንድ ጊዜ ሞዴሉ የተማረውን ቃል በቃል መልሶ ሲያወጣ ይታያል፤ ስለዚህ ጠፍቷል ማለትም አይቻልም። በምን ጽሑፍ እንደ ሠለጠነ ደግሞ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በዝርዝር አይናገሩም። ከክብረ ነገሥት ይልቅ ለኵርዓተ ርእሱ የቀረበ ነው። ሕጉ ጥያቄውን ከሥልጠናው በፊት መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ በኋላ የሚመጣ ፍርድ የሚመልሰው ነገር አያገኝም።

ከመቅደላ 64 ዓመት በኋላ፣ በ1932፣ ወደ ጎንደር የመጣው ጦር አልነበረም። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ጓድ ከሐምሌ ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል እዚህ ተቀመጠ። በዐፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን በታነጸችው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ሥዕሎች ጓዱ አነሣ፤ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ የሠራቸውን ቅጂዎች ሰቀለ። ዋናዎቹ ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም አብረው ተጉዘው በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ከአገልጋዮቹ ጋር ስምምነት ነበር፤ ሥራውም እድሳት ተብሎ ቀርቦ ነበር። ስለዚህ «ፈቃድ ነበር» ሊባል ይችላል። ግን የትኛው ፈቃድ? ለአሮጌ ሥዕል አዲስ ሥዕል ይተካልሃል የተባለ ካህን ሥዕሉ በፓሪስ የጥናትና የዕውቅና ምንጭ እንደሚሆን ተነግሮት ነበርን? ስምምነት የሚመዘነው የተስማማው ሰው ባወቀው መጠን ነው።

ቡድኑ የወሰደው ሥዕል ብቻ አልነበረም። ሚሼል ሌሪስ በጎንደር የዛር ባለውቃቢዎች ዘንድ እየተመላለሰ ግጥማቸውን፣ ዝማሬያቸውን፣ የቤታቸውን ነገር መዘገበ፤ አባ ጀሮም አስተረጎሙለት፣ ቃሉንም ጻፉለት። ከዚህ የተነሣው መጽሐፍ በ1934፣ ሌላውም በ1958 በፓሪስ ታትሟል። እንደ ምሁር ለእነዚህ መጻሕፍት ባለ ዕዳ ነኝ፤ የዚያን ጊዜውን ጎንደር እንዲህ ያለ ዝርዝር ይዞ ያቆየልን ጽሑፍ ጥቂት ነው። ሴቶቹ ግን በምሥጢር የተናገሩት ስማቸው ሳይደበቅ በማያነቡት ቋንቋ፣ በማይደርሱበት ከተማ ወጣ። እንዲታረም ቢፈልጉ የሚያመለክቱበት ደጃፍ አልነበራቸውም። «የት ይቀነባበር» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ቦታ የሚያስፈልገው ለብሔራዊ ኩራት ብቻ አይደለም፤ የተበደለው ሰው የሚጮኽበት ደጅ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል መሆኑን ስለሚወስን ነው። በነገራችን ላይ በ1932 የቅርስ ሕግ አልነበረንም። የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 229/1958 ሲወጣ ቅጂዎቹ ከተሰቀሉ 34 ዓመት ሆኗቸው ነበር። የኋላው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌለውንም ቅርስ ጨምሯል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለማሽን ሥልጠና የሚውል ዲጂታል ቅጂ ግን በዚያን ጊዜ በማንም ልብ አልነበረም።

ይህን የሰማ ሰው በሩን መዝጋት ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል። እኔ አልደርስም፤ ምክንያቴም ሁለት ሰዎች ናቸው።

አንደኛው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው፣ ጎንደርን በቈረቈሩት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከካቶሊኮቹ ጋር ከአገር የወጡ፣ በሮም ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙ። በ1652 ጀርመን አገር፣ ጎታ ድረስ ተጠርተው ሄዱና ለሉዶልፍ ስለ አገራቸው፣ ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ አስረዱት። ሥራው ሁሉ የተሠራው በባዕድ ምድር ነው። ሆኖም ባለ ዕውቀቱ በቦታው ነበሩ፤ ይጠየቁ ነበር፣ ያርሙ ነበር፤ ሉዶልፍም በ1681 ባሳተመው ታሪኩ ማን እንዳስተማረው ስማቸውን ጠርቶ መሰከረ። የእኛ የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ዘንድ ተማርህ?» የሚል ነው። ሉዶልፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። የዛሬዎቹ ሞዴሎች የላቸውም።

ሁለተኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1973 በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ መጽሐፉ ከደብሩ አይነቀልም፤ ካሜራው ወደ መጽሐፉ ይሄዳል። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፊልም ተነሡ፤ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ለሕክምና ከአገር ከወጡ በኋላ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ስብስብ ካታሎግ ነው። በጦርነትና በእሳት የሚጠፋ መጽሐፍ በውጭ ቅጂው ሊተርፍ እንደሚችል ለጎንደር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከነሐሴ 2023 ወዲህ በክልላችን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበርም ሁላችን እናስታውሳለን፤ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ዳታ ምን ያህል ሩቅ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ዐየን። ስለዚህ የውጭ ቅጂ በራሱ ክፉ አይደለም። ልዩነቱ ማን ፈቀደ፣ ለምን ዓላማ፣ በቤቱስ ምን ቀረለት የሚለው ላይ ነው።

ውል ቢኖርስ? የጤፍ ነገር መልስ ይሰጠናል። በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር የጤፍን ዘር የሚመለከት ስምምነት ተፈረመ፤ ጥቅም እንጋራለን ተባለ። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ ለዚያው ወገን ፓተንት ሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ኖረ። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ ዋጋ እንደሌለው የወሰነው በሁለት የአገሪቱ ነጋዴዎች ክርክር ነው፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም። ዳኛው ያለው ምርቱ ባለበት ነበርና።

የዛሬው ዓለም ሕግ ይህን መረዳት ጀምሯል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ተሠራጩ የጥላቻ ጽሑፎች በታኅሣሥ 2022 ሁለት ኢትዮጵያውያን ከአንድ የኬንያ ተቋም ጋር ሆነው ሜታን የከሰሱት በናይሮቢ ነው፤ የይዘት ቁጥጥሩ ሥራ እዚያ ይከናወን ስለ ነበር። በሚያዝያ 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። እዚህ ላይ የሥራው ቦታ ደጃፍ ሆኖ አገልግሏል። የአውሮፓ ኅብረት የ2024 ሕግ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዷል። ሞዴሉን በአውሮፓ ገበያ የሚያቀርብ ሁሉ ሥልጠናው በየትም አገር ቢካሄድ የኅብረቱን የቅጂ መብት ሕግ ማክበር አለበት የሚል አሳብ ይዟል። ግዴታው ምርቱን ይከተላል። የጎንደር ጸሐፊዎች በመጽሐፉ ቅጠል ላይ የጻፉትም ይህንኑ ነው፤ አውሮፓ ግን ከውግዘቱ በተጨማሪ ቅጣት የመጣል አቅም አላት፤ እኛ ገና ነን።

ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው አጥሩን ከውግዘቱ ጋር አንድ ላይ መያዝ ነው። በአታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ደብር ናት፤ ከዚያ ሳይመሰክር መምህር ነኝ የሚል ዜመኛ አይታመንም። ነገ አንድ ቡድን መጥቶ የመምህራኑን ድምፅ ቀድቶ ማሽን ላሠልጥን ቢል ድምፁ በአገር ውስጥ ሰርቨር መቀመጡ ብቻ አያረካኝም። የግል ዳታ አዋጁ የመምህሩን ድምፅ እንደ ግለሰብ ሊጠብቅ ይችላል፤ ዜማው ግን የአንድ ሰው አይደለምና የደብሩን ሊቃውንት ጉባኤ የሚያውቅ አንቀጽ አላይበትም። የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለዕፅዋትና ከእነርሱ ጋር ለተያያዘ ዕውቀት የማኅበረሰቡን ቅድመ ስምምነትና የጥቅም ድርሻ ይጠይቃል። ለዜማና ለድምፅ የሚሆን አቻ ሕግ የመጻፍ ሥራ ለሕግ ፋኩልቲ ባልደረቦቼ ነው። እስከዚያ ግን ካሜራው ወደ መጽሐፉ እንደ ሄደ ሞዴሉ ወደ ዳታው የሚመጣበት ስልት አለ፤ ዳታው ከተቋሙ ኮምፒውተር ሳይወጣ ሥልጠናው እዚያው ይደረጋል። ፍጹም አይደለም፣ ውድም ነው፤ ነገር ግን በሩ ላይ የሚቆም ዕቃ ቤት ጠባቂ ይኖራል።

የመጨረሻው ጉዳዬ ከዚህ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደጋው ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል ያካሂዳል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ቀዬውን ለቀቀ እየተባለ ቤት ለቤት ይመዘገባል። ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ ስለ ሕመሙና ስለ መጨረሻው ሰዓት ይጠየቃል፤ የሞቱ ምክንያት የሚለየው ከዚያ ቃል ነው። ልጇን የቀበረች እናት በአማርኛ የተናገረችው፣ በሌላ ቦታ የማይገኝ ቃል ነው፤ የጤና ሞዴል ለማሠልጠን የሚሻ ሁሉ የሚመኘውም እንዲህ ያለውን ነው። ቤተ ሰቦቹ የተስማሙት ለጤና ጥናት ነው። ማሽን ስለ ማሠልጠን በ1996 የሚጠይቅ ሊኖር አይችልም ነበር። የድሮውን ፈቃድ ለአዲሱ ዓላማ መዘርጋት ለእኔ የአባ እንጦንስን ስምምነት መድገም ነው፤ ሰርቨሩ እዚሁ ማራኪ ግቢ ቢሆንም።

ቤት ለቤት ተመልሶ መጠየቅ ብዙ ወጪ አለው ይባላል። ነገር ግን መረጃ ሰብሳቢዎቹ ወደ እነዚያ ቤቶች በየጊዜው የሚመላለሱ ናቸው። በሚቀጥለው ዙር በመጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ይቻላል፦ የነገሩን ቃል ኮምፒውተር ለማስተማር እንዲውል ይፈቅዳሉ ወይ፤ ከፈቀዱስ እዚህ ብቻ ወይስ በውጭም? የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱ ይህን እንዲያጤነው በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ የጥያቄውን አማርኛ በማረም የሚረዳኝ ከሕዝብ ጤናም ሆነ ከቋንቋ ትምህርት ክፍል ቢገኝ ደስ ይለኛል።

 ጥያቄ ካለ ከኋላ ወንበር እንጀምር።